«ያዝኩ» ስላለው የበረራ አስተማሪያችን

ይህን መግለጫ በእጇ የምትጽፈው የሬዲዮ ሠራተኛችን ናት። የምናገረው እኔ፣ የሃንጋር ማለትም የአውሮፕላን ማደሪያ ሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አውሮፕላን ግን አርባ ዓመት ገፍቻለሁ።

ማኅበራችን፣ የበረራ አስተማሪው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በልምምድ በረራ ላይ ሳለ በደረሰ አደጋ መሞቱን ለአባላቱና ለሕዝቡ በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ሟቹ የሊቀ መንበሩ ልጅ ነው። ጸሐፊዋ «እሳቸው» ብላ ጀምራ ነበር፤ ልጄን አንቱ አልልም ብዬ አሰርዣታለሁ።

ከሃያ ዓመት በፊት በአውሮፕላን አጣቢነት ተቀጠረ። አጥቦ ሲጨርስ እኔ ደግሜ እፈትሽ ነበር። ጥፋት ያገኘሁበት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የአስተማሪነት ፈቃድ አገኘ። ስልሳ ሦስት ተማሪዎች አስመርቋል። «ቀስ፣ ቀስ» ማለት ስለሚያበዛ «ጋሼ ቀስ» አሉት። በእግሩ ሲሄድ ግን የሚደርስበት አልነበረም።

አብራው የነበረችው ተማሪ ተርፋለች። ሆስፒታል ተኝታ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ትላለች አሉ፤ እህልም እምቢ ብላለች። ስለዚህ የተሰማው ይጻፍ። በትምህርት ቤታችን መሪውን የሚረከብ «ያዝኩ» ይላል፤ የሚያስረክብ «ለቀቅኩ» ይላል። ለማረፍ ሲቃረቡ ሞተሩ ጠፋ። የአውሮፕላኑ ሬዲዮ መናገሪያ ቁልፍ እንደተጫነ ቀርቶ ስለነበር፣ ይህን የምትጽፈው ሴት ሁለቱንም ቃል በጆሮዋ ሰምታለች። እሱ «ያዝኩ» አለ። ልጅቷም «ለቀቅኩ» አለች።

ከዚህ በታች ያለውን በአንቱ ጻፊው።

አውሮፕላኑን ከአጥሩ ማዶ ሜዳው ላይ ያወረዱት እሳቸው ናቸው። እዚያ ካለው ዛፍ ጋር የተጋጨው እሳቸው በተቀመጡበት በኩል ያለው ክንፍ ነው። ለምን በዚያ በኩል እንደሆነ ማኅበሩ አይናገርም፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ተማሪዋ የታዘዘችውን ፈጽማለች። ከ«ለቀቅኩ» በኋላ በሆነው ነገር የለችበትም።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዋ መጽናናትን ይመኛል። ለአባታቸውም ይጨመር ተብሏል፤ ይጨመር።

በይ አሁን አንብቢልኝ። ነገ ሆስፒታል ሄደሽ ለልጅቷ የምታነቢላት አንቺ ነሽና፣ «ለቀቅኩ» የሚለው ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ እንዳይንቀጠቀጥ።