ሰው ሳይሞት የተነፋው ጡሩምባ

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለሸዋረግ፤ ቦሎኛ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ብለሽኝ ነበር። የምታስታምሚያቸው ሲኞራ ብርዱን በሰላም ተወጡት? አብራሽ የምትኖረው ነጃትስ ከአዲሱ ሥራዋ ተስማማች? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆመን እንሄዳለን። ባለቤቴ መስከረም ደም ግፊቷን በመድኃኒት ይዛዋለች። ልጄ ሶሊያና በሆስፒታል ሥራዋ ደፋ ቀና ትላለች። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ደርሼ እመለሳለሁ። ጤናችንን ከጠየቅሽ ደኅና ነን። እንቅልፋችንን ከጠየቅሽ ግን ሌላ ነው።

ትናንት ስትደውዪ መልስ አልሰጠሁሽም። አንቺ ታለቅሺ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የኖረ ሰው በስልክ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማገናኘት አቃተው። ስለዚህ እንደ ልማዴ በወረቀት ላድርገው ብዬ ተቀመጥኩ። ሶሊያና ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሣች በቴሌግራም ትልክልሻለች። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ለልጁ አትደውዪለት።

ኢንተርኔቱ ላይ ባሩክ ሰው ገድሎ አመለጠ የሚል አለ። ታስሯል የሚል አለ። ለፊልሙ ማስታወቂያ ብለው ሆን ብለው ያደረጉት ነው የሚልም አለ። ልጅሽ እስር ቤት የለም፤ አላመለጠምም። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ባለው ክፍል ተኝቷል። እውነቱ ግን ቀላል አይደለም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ።

ዘፈኑ እንዴት እንደተነሣ በከፊል ታውቂያለሽ። ራፕ የሚሉትን ነገር እኔ ዘፈን ነው ብዬ አልቀበለውም ነበር። ንግግር ነው፤ ግን ቤት ይመታል። በጓደኛው በአብዮት ፀጉር ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው የቀረጹት የመጀመሪያው ሥራ ስለ ታክሲ ሰልፍ ነበር።

«ምነው አራዳ ምነው፣ ሰልፉ ከቤቴ ጀመረ፣
ታክሲው መጣ ሲሉኝ፣ ጺሜ በቅሎ አደረ።»

ይህችን ሰው በየስልኩ ተቀባበላት። በሰፈራችን ስም «የቀሐ ልጅ» አሉት። ዓመት ሳይሞላ አዲስ አበባ ትልልቅ አዳራሽ ጠሩት፤ የዚያ አገር ልጃገረዶችም ሸጋ ማለት ጀመሩ ብሎ ሲስቅ ነገረኝ። ቀጥሎ ለቴሌቪዥን ድራማ ተመረጠ። አንዲትን ድኻ ሴት ቤቷን የሚያስነጥቅ ደላላ ሆኖ ሠራ። ያን ሰሞን እዚህ አራዳ ገበያ አብረን ስንሄድ ቲማቲም የምትሸጥ እናት አልሸጥልህም አለችው። «ምነው ያችን ሴት እንዲያ አደረግሃት? ከደጇ ስታስወጣት አንጀትህ አልራራም?» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ ግን ስለ ነገሩ ሳስብ ዋልኩ። ሰው ያየውን ያምናል፤ የሰማውን ደግሞ የበለጠ ያምናል።

ባለፈው ኅዳር የፊልም ሥራ ይዞ መጣ። ከስደት ሲመለስ ወንድሙ ሞቶ የሚጠብቀው ልጅ ሆኖ ዋናውን ቦታ ይሠራል። ቀረጻው አምባ ጊዮርጊስ ይሁን ያለው ራሱ ነው፤ የአያቴ አገር ነው ብሎ። ዳይሬክተሩ እስጢፋኖስ የሚባል ጎልማሳ ነው። ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ አልዋሽበትም። ከቀበሌ ፈቃድ አወጣ። የእድሩን ዳኛ አያ ገብረ ሚካኤልን አስፈቀደ። የሰፈሩን ሰው ሰብስቦ ነገ የሚለቀሰው ለፊልም ነው ብሎ አስረዳ። ከገደሉ ማዶ ላሉት ግን ማንም አልነገረም። ካሜራው የማያያቸውን ሰዎች ምን አገባቸው ብለው ይሆናል። እንደምታውቂው ገደሉ ይለየን እንጂ እድሩ አንድ ነው።

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ወንዴ ጡሩምባውን ይዞ ለመታየት ተስማማ። ንፋ ሲሉት ግን እምቢ አለ። ሰው ሳይሞት የተነፋ ጡሩምባ ሟች ፍለጋ ይሄዳል አላቸው። እስጢፋኖስም አላስገደደውም፤ ድምፁን ኋላ እንጨምረዋለን አለ። ያልተዋጠለት ባሩክ ነው። የውሸት ድምፅ ሰምቼ የእውነት እንባ አይመጣልኝም ብሎ ጡሩምባውን ከወንዴ እጅ ወሰደና ወደ ገደሉ ዞሮ ነፋው። በልጅነቱ ክረምት ክረምት እዚያ ሲከርም ከወንዴ ልጆች ጋር ተምሮታል። አሳምሮ ነፋው። ባያሳምረው ይሻል ነበር።

ማዶ ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ማጭዳቸውን ጥለው ተነሡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሙሾ እያወረዱ፣ ገደሉን ወርደው ወጡ። ማን እንደሞተ አያውቁም፤ ሁሉም በየልቡ የየራሱን ሰው እያለቀሰ ነው የመጣው። ካሜራውም አልቆመም። እስጢፋኖስ ቅረጹ፣ እንዳታቋርጡ አለ። ለቅሶተኞቹ ድንኳኑ ጀርባ ሲደርሱ ሟች ሆኖ የተቀጠረውን ጎረምሳ ከነከፈኑ ቁጭ ብሎ ዳቦ ሲበላ አገኙት። የተናገሩትን እርግማን እዚህ አልጽፈውም።

አያ ገብረ ኪዳንን አትረሺያቸውም። አባታችን ሲሞት መቃብሩን የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሰውነት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በስልክ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል። ማዶ ቤታቸው ሆነው ጡሩምባውን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን እንኳ ሳያነሡ ቁልቁል ሮጡ። ወንዙ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተንሸራተው ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከገደሉ እስከ መኪና መንገዱ በጀርባው አዝሎ ያወጣቸው ባሩክ ነው። መንገዱን ሙሉ «ልጄ፣ ማነው የሞተው? ሰውነት ነው?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። ማንም አልሞተም ለማለት አፌ እምቢ አለኝ ብሎ ነግሮኛል። የአረጋዊ ዳሌ ሲሰበር ምን እንደሚከተል ለአንቺ አላስረዳም፤ በየቀኑ በእጅሽ የምታገላብጫቸው ናቸው።

ፖሊስ ባሩክን ያዘው። ሕዝብን በሐሰት በማወክና በቸልተኝነት በሰው ላይ ጉዳት በማድረስ ተከሰሰ። እኔ ዋስ ሆኜ፣ በተጠራ ቀን አቀርበዋለሁ ብዬ ፈርሜ አስወጣሁት። ቀጠሮው መጋቢት ውስጥ ነው። ከአገር እንዳይወጣ የሚል እግድ የለም። አንቺም ይህን ሰምተሽ ነው ቪዛውን አሩጠሽ ትኬቱን የላክሽው። አልቀየምሽም። እኔም አባቱ ብሆን ምናልባት እንደ አንቺ አደርግ ነበር።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። በታኅሣሥ እማሆይ ወለተሩፋኤል አረፉ፤ የደብሩ ጧፍ ሠሪ የነበሩት። ወንዴ ጡሩምባውን ነፋ። ማዶ ያሉት ሰሙ፤ ግን ደግሞ ካሜራ ይዘው መጡ ብለው በየሥራቸው ቀሩ። አስከሬኑን የሚቀባበል ሰው ጠፍቶ ጥቂት ወንዶች እያረፉ እያረፉ ተሸክመው ቀበሯቸው። ያን ሁሉ ዘመን የሰውን ሁሉ ቀብር ሲሸኙ የኖሩ መነኩሴ እንደ ባዕድ ተቀበሩ። ወንዴ ከዚያ በኋላ ጡሩምባውን አያ ገብረ ሚካኤል ደጅ አስቀምጦ፣ የማይታመን ነገር አልነፋም ብሎ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ባሩክንና እኔን አስጠሩን። ካሳ አልጠየቁም። አያ ገብረ ሚካኤል እንዲህ አለው፦ «አንተ ልጅ፣ ድምፅ መተዳደሪያህ ነው አሉ። የእኛን ድምፅ አበላሽተኸዋል። በድምፅህ መልስ።» ፍርዳቸው ይህ ነው፤ እስከ መጪው ኅዳር ድረስ ሰው ሲሞት ባሩክ ካለበት መጥቶ፣ ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ የሟቹን ስምና የራሱን ስም በአፉ ይጠራል። እኔ ነኝ፣ ዛሬ እውነት ነው ብሎ ይመሰክራል።

ባሩክ እሺ ለማለት አፉን ሲከፍት ስልኩ ጠራ። አዲስ አበባ ያለው ጠበቃው ነው። በሕዝብ ፊት እኔ ነኝ ማለት ለዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ማቀበል ነው፣ እንዳታደርገው አለው። ባሩክም አስብበታለሁ ብሎ ተነሣ። አያ ገብረ ሚካኤል ቀና ብሎም አላየው። ከዚያ ጀምሮ ልጁ ሰው ሸሸ። ለጥምቀት ቀሐ ላይ ሲዘፍን የነበረ ልጅ ዘንድሮ ታቦቱን በመስኮት አየ። አያ ገብረ ኪዳን ከወደቁ ወዲህ ወደተኙበት፣ ከገደሉ በዚህኛው በኩል ወዳለው የልጃቸው የአማረች ቤት ብርቱካን ይዞ ሲሄድ በሩን አልከፈተችለትም፤ ደጁ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። ሰውነትም በጥር ከመተማ በደኅና መጣ። ስልኩ ተሰርቆበት ኖሯል። አባቱን በአልጋ ላይ ሲያገኛቸው፣ ይህ ዘፋኝ ካልታሰረ እንቅልፍ የለኝም ብሎ ማለ።

ትኬቱ ሲመጣ ባሩክ አሳየኝ። ምን ልበላት ጋሼ አለኝ። ዋስ ነኝና የምናገረው ሁሉ ለራሴ ይመስላል ብዬ፣ አንተ ታውቃለህ አልኩት። ሻንጣውን አውጥቶ አልጋው ላይ ከፈተው። ልብስ አላስገባበትም፤ አልዘጋውምም። እንዲያ ተከፍቶ ሰነበተ። መስከረም ክፍሉን ስትጠርግ አንሥታ መልሳ እዚያው ታስቀምጠዋለች።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወንዴ ደወለ። አያ ገብረ ኪዳን አርፈዋል። ሳንባቸው ነው፤ መተኛት ያመጣው። ባሩክ ስልኩን ከእጄ ወስዶ እንዴት፣ መቼ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ክሱ ሊከብድብህ ይችላል፣ መጀመሪያ ጠበቃውን ጠይቅ አልኩት። ሌላውን ጫማም አሰረ። በመጀመሪያው መኪና አምባ ጊዮርጊስ ወጣን።

ለቅሶው ቤት ደጅ ላይ ሰውነት በትሩን ይዞ ተነሣ። እኔ መሐል ልገባ ስል አማረች ከቤት ወጣች። ፀጉሯን ተላጭታ ነበር። ባሩክን ብዙ ጊዜ አየችው። «አባቴን በውሸት የጠራው እሱ ነው» አለች። «ዛሬ በእውነት ይጥራልን። አለዚያ ማን ሊቀብርልን ይመጣል?» ሰውነት በትሩን አላስቀመጠም፤ ግን ከመንገዱ ዞር አለ።

ባሩክ አፋፉ ላይ ቆመ። ማይክ የለ፣ ሙዚቃ የለ። ጎሮሮውን ጠርጎ ተጣራ። «ማዶ ያላችሁ፣ ስሙኝ! አያ ገብረ ኪዳን አርፈዋል። ባሩክ ነኝ። ያን ጊዜ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ዛሬ እውነት ነው።» ሸዋረግ፣ ማዶው ጸጥ አለ። አንድ ውሻ ብቻ ይጮሃል። ደግሞ ጠራ፤ ደግሞ ጠራ፤ ድምፁ እስኪሰነጠቅ። አይመጡም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ ከአንድ ቤት ደጅ ነጭ ነገር ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ገደሉ በነጠላ ተሞላ። ያን ጊዜ ወንዴ ጡሩምባውን አንሥቶ ነፋ። አያ ገብረ ኪዳን በአገር ሕዝብ ተቀበሩ። አስከሬኑን ባሩክ እንዲሸከም ሰውነት አልፈቀደም፤ ባሩክም አልጠየቀም።

ጠበቃው ያን ቀን የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ ራሱን በገዛ እጁ አሰረ ብሎ ተቆጣ። ምናልባት ልክ ነው። ክሱ ሰው በመግደል ሊለወጥ ይችላል፤ በቸልተኝነትም ቢሆን ያስራል። ዳኛው ምን እንደሚል አላውቅም። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ መልሱን አውቄ ነበር የምጠይቀው፤ የዚህን መልስ አላውቅም፤ ለዚህ ነው የማልተኛው።

ከቀብር ስንመለስ መኪናው ውስጥ ባሩክ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ለእማዬ ጻፍላት። ትኬቱን እሷ ትሰርዘው። እኔ ከሰረዝኩት አልፈልግሽም ያልኳት ይመስላታል።» ሐሙስ የመሄጃው ቀን ነው። ሻንጣው ዛሬም ተከፍቶ አልጋው ላይ አለ፤ እሱም ከጎኑ ጥግ ይዞ ይተኛል። ሐሙስ ጠዋት እኔ በር ላይ አልቆምም። ዋሱ እኔ ብሆን እናቱ አንቺ ነሽ። ባትሰርዢውና ቢሄድ አንቺንም እሱንም አልረግምም። ብትሰርዢው ግን ያኔ ደውዪለት፤ ሻንጣውን ዝጋው ልጄ በይው። ከአንቺ አፍ ሊሰማ የሚጠብቀው ያን ነው።

መስከረም ዓይንሽን በዓይኔ ያሳየኝ ትልሻለች። ሶሊያና ለጉልበትሽ ስለ ቅባቱ ለብቻ እጽፍላታለሁ ብላለች። ወንዴ፣ የመምህሩ እኅት ደኅና ናት ወይ ብሎ ጠይቋል። ለነጃት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለሲኞራም ያገሬ ሽማግሌ ሰላም ብሎዎታል በይልኝ፤ ከአልጋ ስታነሺያቸው ቀስ ብለሽ አንሺያቸው።

ወንድምሽ መለሰ
ጎንደር፣ ቀሐ
የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.