ግራው ይቀድማል

ውድ ሙባሪክ፣

አሰላሙ አለይኩም ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ሰላም ላንተ ይሁን ማለት ስለሆነ ዛሬ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። «ውድ» ያልኩህ ግን ለወጉ አይደለም። ወንድሜ ነህ፣ እወድሃለሁ፤ ደግሞም ባገኝህ ጥርስህን ባረግፈው ደስ ይለኛል። ሁለቱም እውነት ነው።

ታናሻችንን ሳሌሃን በቀበቶ የገረፍክበትን ቀን፣ ጉዳያችንን ሊያዩ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት «አላስታውስም» አልክ። ላስታውስህ። ባጃጅ ውስጥ ከአንድ ልጅ ጋር ታይታለች ብለው ነግረውህ ነበር። ከወልቂጤ መጥቼ ቡታጅራ ስደርስ ጩኸቷ መንገድ ድረስ ይሰማል። እንሰቱ ስር ተጠቅልላ ፊቷን በክንዷ ሸፍናለች። መሃላችሁ ገባሁ። ቀበቶውን ጥለህ ከሙቀጫው ዘነዘናውን አነሳህ። ከዚያ በኋላ የማውቀው የደሜን ጣዕም ብቻ ነው። ሳሌሃ ራሴን አቅፋ ስትጮህ አንተ ዘነዘናውን ታጥብ ነበር አሉ።

ከዚያ ወዲህ እወድቃለሁ። እያስተማርኩ፣ ተማሪዎቼ ፊት፣ አረፋ እየደፈቅኩ። አንተ ግን «ባሂራን ከልጅነቷ ጀምሮ ይጥላት ነበር፤ እጄን አላነሳሁባትም» ብለህ ወላሂ አልክ። የሆስፒታሉ ውጤትም አገዘህ። ሁለቱ የአንጎሌ ጎኖች እኩል ስለሚናወጡ በሽታው አብሮኝ የተወለደ ይመስላል ይላል። ሽማግሌዎቹ እኔ ጋ የሸሸችውን ሳሌሃን ወደ ቤትህ ሊመልሷት ነበር። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ አደራዋ ያንተ ነው፤ እኔ ደግሞ በሽተኛ ነኝ። እሷም ይህን ሰምታ እህል አልቀምስም ብላ ነበር።

ጅልነትህ፣ እኔ እህትህ ምን እንደተማርኩ ጠይቀህ አታውቅም። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ ከራስ ላይ ከተቀዳ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ምልክት ተነስቶ የትኛው የአንጎል ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር ካርታ መሥራት። የዚህ ካርታ ትልቁ ጠላት መፍሰስ ነው። አንድ ቦታ የተነሳ ምልክት በራስ ቅል በኩል ይፈስና ራስ ላይ የተለጠፉት ሽቦዎች ሁሉ ጋ ይደርሳል። ያኔ ያልተገናኙ ቦታዎች የተገናኙ ይመስላሉ።

ሆስፒታሉ ከራሴ ላይ የቀዳውን ምልክት ለምኜ አስወጣሁ። ገና ስከፍተው ደሜ ፈላ። ሌሎቹ ሁሉ የሚነጻጸሩባትን ሽቦ የቆነጠጧት ግራ ጆሮዬ ላይ ነው፤ ዘነዘናህ ካረፈበት ስር። ሁሉም ነገር ከቁስሉ ጋር እየተለካ ሁሉም የቆሰለ መሰለ። ማነጻጸሪያውን ቀየርኩ። በአንድ ቅጽበት እኩል የሚመቱትን አወጣሁ፤ እውነተኛ መልእክት ከቦታ ቦታ ለመድረስ ጥቂትም ቢሆን ጊዜ ይፈጃልና። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው ግን ካልሠሩበት የሚጠራ አልነበረም። ደግሞ እንዲህ ያለው እርማት እውነተኛውን ግንኙነትም አብሮ ሊጥል ይችላል። ንዴቴ እንዳያታልለኝ ፈርቼ የማን ጭንቅላት እንደሆነ ሳልናገር ለሥራ ባልደረባዬ ለቴዎድሮስ ሰጠሁት። በራሱ መንገድ ሠርቶ መጣ።

«ሁልጊዜ ግራው ይቀድማል፤ ቀኙ ተከታይ ነው» አለኝ። «ሰውዬው እዚህ ጋ ተመትቷል እንዴ?»

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ግድግዳውን በቡጢ ስመታው ጣቶቼ ተላጡ።

እንደገና ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ ኮምፒውተሬን ስከፍት ሳቅክ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ ሙስሊም ግን፣ «ልጄ፣ እኔ የሽቦ ነገር አላውቅም፤ በሚገባኝ ንገሪኝ» አሉ።

«ሐጂ፣ አንድ ቤት ጠብ ሲነሳ ሦስት ጎረቤት ይሰማዋል። ሦስቱም ቤት ተጣሉ ይባላል?»

«ኧረ አይባልም።»

«ሆስፒታሉ እንደዚያ ነው ያለው። ጩኸቱ በሁለቱም ጎን ተሰማ፤ ጠቡ ግን አንድ ቤት ነው።»

ሐጂ ረጋ ብለው ወደ አንተ ዞሩ። «ሙባሪክ፣ አንተ ሁለቱም ጎኗ ተጎድቷል ነው የምትለው?»

ዘለህ ተነሳህ። «ምን ሁለቱም! ወላሂ ቀኟን አልነካሁም! በግራ አንዴ ብቻ ነው!»

ምን እንዳልክ የገባህ ዘግይቶ ነው። በርጩማውን አንስተህ ወረወርክብኝ፤ የሐጂን ትከሻ አገኘው። ሽማግሌ መታህ! ሰዎቹ ተረባርበው ሲይዙህ እኔም «ልቀቁት፣ ይምጣ!» እያልኩ እጮህ ነበር። እኔንም ሴቶቹ ያዙኝ። ቢለቁኝ በያዝኩት ኮምፒውተር እፈነክትህ ነበር። ሳሌሃ ያኔ ፊቴን አየችና ወደ ግድግዳው ሸሸች። አንተን የምትፈራውን ያህል ፈራችኝ። ይኸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኔ ጋ እንድትኖር ተወሰነ። ወልቂጤ ትምህርት ጀምራለች። እቃ ወድቆ ድምፅ ካሰማ ግን አሁንም ራሷን በክንዷ ትሸፍናለች። የኔን መድኃኒት ሐኪሙ ካርታውን አይቶ ቀይሮልኛል፤ ካልያዘልኝ ጠባሳውን በቀዶ ሕክምና ስለማውጣት እንመካከራለን ብሏል።

ትናንት ደወልክላት። «ሽማግሌ አያቆመኝም፤ መጥቼ በጸጉርሽ እየጎተትኩ እወስድሻለሁ» አልካት። ስልኩን ነጥቄ ልሰድብህ ስል ራሷን በክንዷ ስትሸፍን አየሁና ተውኩት። ሰምታኝ ደግማ እንዳትፈራኝ ብዬ በጽሑፍ መለስኩልህ።

ና እንግዲህ። በሩን በእርግጫም በድንጋይም ደብድበው። ባሂራ ፈርታ ትከፍታለች ብለህ ከሆነ፣ አዎ፣ እፈራለሁ፤ ከበፊቱም ብሶብኛል። አልከፍትም።

እህትህ ባሂራ
ወልቂጤ