የቦያን እሺታ

ልጄ ራዶስቲና፣ እመብርሃን ከነልጅሽ ከክፉ ትሰውርሽ። እዚህ ባንስኮ ተራራው ላይ በረዶው ተከምሯል፤ የአባትሽ ሳል ግን አልለቀቀውም። ለበረዶ ሸርተቴው ስትመጡ እኛ ቤት እንደምታርፉ የጻፍሽው ዛሬ ደረሰኝ፤ አንጀቴን በላው።

ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ አባትሽ ልጅሽን ቦያንን «አያትህ ጋ ታድራለህ?» ሲለው፣ ልጁ ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀ። እናንተ ጋ በሰው አገር እሺ ነው፤ እኛ ጋ እምቢ መሆኑን መቼም አልረሳሽውም። ሽማግሌው እምቢ ያለው መስሎት ተነስቶ ወጣ። ክፍልሽን እስከ ፋሲካ ለእንግዶች አከራየው።

አሁን ነገሩን ሳስረዳው «ተያቸው፣ ከሸርተቴው አጠገብ ሆቴል ይያዙ፣ ለልጁ ይመቸዋል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አምላክ መንገዳችሁን ያቅናው። እባክሽ ልጄ፣ ከመምጣታችሁ በፊት የእኛን እሺታ፣ ራስን ወደ ግራ ወደ ቀኝ መወዝወዙን፣ አስተምሪው። አባትሽ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠይቀው ይሆናል፤ በዚህ ሳሉ ለከርሞ በረዶ የሚደርስ አይመስለኝም።

እናትሽ ኔደልያ