አፉታ የጠየቁት ግብር ገማች፦ አቶ ወንድምአገኘሁ አግማስ (1952–2018 ዓ.ም)

አቶ ወንድምአገኘሁ ከአባታቸው ከአቶ አግማስ ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ እንየው በ1952 ዓ.ም በቦሩ ሜዳ ተወለዱ። ከሦስት ሴቶች በኋላ የመጡ ወንድ ስለነበሩ ስሙን ያወጡላቸው እህቶቻቸው ናቸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ቦሩ ሜዳ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1965 ዓ.ም ዝናቡ ቀርቶ እህል በጠፋ ጊዜ አባታቸው የመሬት ግብር ለመክፈል አንዱን በሬ ሸጡ። አቶ ወንድምአገኘሁ በሬው ከግቢ ሲወጣ ቆመው ማየታቸውን እስከ እርጅናቸው ያነሱት ነበር። የሚገርመው፣ ከዚያ ቀን ተነስተው ግብርን አልጠሉም። አባታቸውን ደጋግመው የጠየቋቸው፣ «በበሬያችን ምን ተሠራበት?» ብለው ነበር። አባታቸውም «እሱን የሚያውቅ ቢሮ የገባ ሰው ነው» አሏቸው።

በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ፈጽመው አዲስ አበባ ሄዱና በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ተቀበሉ። በ1974 ዓ.ም ደሴ ተመልሰው በግብር ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ጥቂት ቆይተው ወደ ኮምቦልቻ በመዛወራቸው ለብዙ ዓመታት ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እየወረዱ፣ ማታ ዳገቱን እየወጡ ሠርተዋል።

በ1980 ዓ.ም ከወይዘሮ የኔነሽ ታደሰ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎጆ ቀለሱ። ጽናት እና ሰላም የተባሉ ሁለት ሴት ልጆችንም አፈሩ። ቤታቸው እንግዳ የማይለየው ነበር። ግብዣ ላይ የተቀመጡ የሰፈር ነጋዴዎች፣ «የኔነሽ፣ ጉርሻውን ቀነስ አድርጊልን፤ ባልሽ የበላነውን አይቶ ገቢያችንን ይገምትብናል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከግብር ወደ በጀት ሥራ ተዛወሩ። በልጅነታቸው ለጠየቁት ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ወንበር ላይ የተቀመጡ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። በየስብሰባው ለነጋዴው ሲያስረዱ፣ መንግሥት በአንድ እጁ ከገበያው ያነሳል፣ በሌላው እጁ ወደ ገበያው ይመልሳል ይሉ ነበር። ገበያው ሲቀዘቅዝ የሚነሳውን ቀንሶ የሚመለሰውን ማብዛት፣ ዋጋው ሲጦዝ ደግሞ የሚነሳውን አብዝቶ የሚመለሰውን ሰብሰብ ማድረግ ይገባል ባይም ነበሩ። ኮምቦልቻ ላይ ድንጋይ ንጣፍ መንገድ በተጀመረ ጊዜ ድንጋይ የሚጠርቡት ወጣቶች ደመወዝ ሲቀበሉ፣ በመንገዱ ዳር ሻይ ቤት ተከፈተ፤ የሻይ ቤቱ ስኳርም ከነጋዴው ሱቅ ይገዛ ነበር። ይህን በዓይናቸው ስላዩ በነገሩ ያምኑበት ነበር። አንድ ቀን ግን ባሽር የሚባሉ የኮምቦልቻ ነጋዴ ከአዳራሹ ኋላ ተነስተው፣ «ወላሂ አቶ ወንድምአገኘሁ፣ የሚያነሳው እጅ ቤቴን አሳምሮ ያውቀዋል። የሚመልሰው እጅ ነው አድራሻዬ የጠፋበት!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እርሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ቤት ሲገቡ ግን እራት አልበሉም።

ቀጥሎ ያለውን ያለ ማለዘብ እንድንጽፈው ያዘዙን ራሳቸው ናቸው።

በ2009 ዓ.ም የሒሳብ መዝገብ የማይዙ አነስተኛ ነጋዴዎች የዕለት ገቢ በመላ አገሪቱ ሲገመት፣ ልምድ አለዎት ተብለው ወደ ግብሩ ሥራ ተመለሱና የደሴውን ሰኞ ገበያ የሚያይ አንድ ቡድን መሩ። ቡድኑ ሥራውን የጀመረው ሰኞ ነው። ለቢሮ ሰው ሰኞ የሳምንቱ የሥራ መጀመሪያ ነውና ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ለነጋዴው ግን ሰኞ ገጠሩ ሁሉ ከተማ የሚገባበት ቀን ነው። ቡድኑ በዚያ ቀን ያየውን ሽያጭ በዓመቱ የሥራ ቀናት ሁሉ አባዛው።

ወይዘሮ ዘይቱና በዚያ ገበያ ሦስት ልብስ ሰፊዎች ቀጥረው የሚያሠሩበት ሱቅ ነበራቸው። ግምቱ ሲነገራቸው ቢሮ ድረስ መጥተው እንዲህ አሏቸው፦ «የቦሩ ሜዳ ልጅ ሆነው ሰኞን አያውቁትም? ማክሰኞና ረቡዕ እኮ ዝንብ ነው የማባርረው! በየት አገር ነው ሳምንቱ ሰባት ሰኞ ያለው?»

አቶ ወንድምአገኘሁ ስህተቱ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ግምቱ ተጠቃሎ ወደ በላይ ተልኮ፣ በሚገኘው ገቢም የገበያው የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንዲሠራ ታቅዶ ነበር። የአንዱን ግምት ካነሡ የሁሉንም ማንሳት ሊኖርባቸው ነው። ሁሉን ካነሡ ቦዩ ይቀራል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ደግሞ ጎርፍ ከሚገባባቸው ሱቆች አንዱ የወይዘሮ ዘይቱና ነበር። አቤቱታ ሰሚዎቹ አስተያየታቸውን ሲጠይቋቸው ግምቱ ባለበት ይጽና አሉ። ቦዩ ተሠራ። ጎርፉም ቆመ። የወይዘሮ ዘይቱና ሱቅ ግን ቦዩ ሳያልቅ ተዘግቶ ነበር።

በ2012 ዓ.ም በጡረታ ተሰናበቱ። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ፣ የተዘረፉት ሱቆች እንደገና መከፈት ሲጀምሩ ነዋሪው ለምክክር ተጠራ። አቶ ወንድምአገኘሁ ተነስተው፣ ዘንድሮ ከገበያው ምንም አይነሳ፣ መንግሥት ተበድሮም ቢሆን ያውጣ፣ አለዚያ ከተማው አይነሳም አሉ። አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ብድሩ ነገ ዘይት ላይ ተጨምሮ ነው የሚመጣብን» አላቸው። ከዚያ ወዲህ የዘይት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ወይዘሮ የኔነሽን፣ «እኔ ባልኩት ይሆን?» ይሏቸው ነበር። ወይዘሮ የኔነሽም፣ «እርስዎ ያሉትን የሰማ ማን አለና! እኔ እንኳ ቤት ውስጥ ሆኜ አልሰማዎትም» እያሉ ሊያስቋቸው ይሞክሩ ነበር።

በ2016 ዓ.ም የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። በቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ቤታቸው ሲተኙ፣ በአገራችን ደንብ ከሚያውቋቸው ሁሉ አፉታ፣ ማለትም ይቅርታ፣ ይጠይቁ ጀመር። ሊጠይቃቸው የመጣ ነጋዴ ሁሉ፣ «አፉ ብለናል ጋሼ፤ ምን በድለውን?» ይላቸዋል። ይህ አላሳረፋቸውም። ሰው በሽተኛ ፊት ሌላ ምን ይላል? ይሉ ነበር። ውጭ አገር ይህንኑ የበጀትና የግብር ሙያ ተምሮ የተመለሰው የእህታቸው ልጅ ምንተስኖት፣ በጥቅሉ ሲታይ ቦዩ ከተማውን የጠቀመው ሱቆቹ ከተጎዱት እንደሚበልጥ ነግሮ ሊያጽናናቸው ሞከረ። «እርግጠኛ ነህ?» አሉት። አልነበረም። እስከ ዛሬም አይደለም።

በመጨረሻ ወይዘሮ ዘይቱናን አስጠሯቸው። ወይዘሮ ዘይቱና አሁን ኮምቦልቻ በአንዲት ጠባብ ክፍል የተዘጋጀ ልብስ ይሸጣሉ። ዳገቱን ወጥተው መጡና ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። «አፉ በይኝ ዘይቱና» አሏቸው። ወይዘሮ ዘይቱናም፣ «የኔን ድርሻ ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ። ግን ሱቁ ሲዘጋ ሥራ የፈታሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። የመሕሙድን፣ የቡዜን፣ የመሪየምን እኔ አፉ ልልልዎ አልችልም» አሏቸው።

አቶ ወንድምአገኘሁ በዚህ ቃል አልተቀየሙም። እንዲያውም እውነተኛ መልስ አገኘሁ ብለው ልብስ ሰፊዎቹን አስፈለጉ። መሕሙድ መጥቶ አፉ አላቸው። ቡዜም መጣና፣ «ጋሼ፣ እኔማ ከመኪና ስፌት ወጥቼ ባጃጅ ላይ ተቀመጥኩ፤ አሁንማ የምፈራው የሚቀጥለውን ገማች ነው» ብሎ አሳቃቸው፤ አፉም አላቸው። መሪየም ግን ሱቁ በተዘጋ ዓመት ዓረብ አገር ሄዳለች። የነበራት ስልክ አይሠራም። እናቷም ሰፈር ቀይረዋል። አቶ ወንድምአገኘሁ የቤቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከትራሳቸው ቀና እያሉ፣ «መሪየም ናት?» ይሉ ነበር።

የመሪየምን ድምፅ ሳይሰሙ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ወንድምአገኘሁ ባለትዳር፣ የሁለት ሴት ልጆች አባትና የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔነሽ፣ ልጆቻቸው ጽናት እና ሰላም፣ እህቶቻቸውና የእህቶቻቸው ልጆች በኀዘን ቀርተዋል። ሕመማቸውን ላስታመማችሁ፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም መጥታችሁ ለቀብራቸው ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

በዚህ ጉባኤ መካከል አቶ ወንድምአገኘሁ ገምተውት የተጎዳ ሰው ካለ፣ ለደንብ ያህል ብቻ «አፉ» እንዳይለን እንለምናለን። ከልቡ ካልወጣለት ነገ ቧንቧ ውሃ ቤታችን መጥቶ ይንገረን፤ ቁጭ ብለን እንሰማዋለን። ልብስ ሰፊዋን መሪየምን ወይም እናቷን የሚያውቅ ደግሞ፣ ሰውየው እስከ መጨረሻው ስሟን ይጠሩ እንደነበር ይንገርልን። የምትመልሰው ቃል ምንም ይሁን ምን፣ መቃብራቸው ላይ ቆመን እናነብላቸዋለን።

የሰውን ሸክም ሳይገምት የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።