ርችት ያልተተኮሰላት አንዲት ያርድ

ለክቡር አቶ ሃስከል ፎንቴኖ
የባሚያ ዋንጫ አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለኮሚቴዎ አባላትና ርችት ለሚተኩሱት ባለሙያዎች ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለዐይንዎ፣ ባለፈው ቅዳሜ የሜዳውን ግማሽ ብቻ እንዳዩበት ተረድቻለሁና። ቨርኔል ታድሎክ እባላለሁ። የዩኒቨርሲቲያችንን የአሜሪካ ፉትቦል ተከላካዮች ሃያ ሁለት ዓመት ያሠለጠንኩ፣ ክቡርነትዎም በዕለቱ እጄን ጨብጠው «የአውቶቡሱ ሾፌር አንተ ነህ?» ያሉኝ ሰው ነኝ። ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ።

፩ኛ/ በየመንገዱ ስለሰቀሉት «የነጥብ ዝናብ!» ስለሚለው ማስታወቂያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ዝናቡ እንደተመኙት ወረደ፤ ስድሳ ሁለት ለሃምሳ ስምንት አሸነፍን። ኳሷ ከመጨረሻው መስመር ባለፈች ቁጥር ርችት ተተኮሰ፤ አሥራ አምስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ከእነዚያ ውስጥ ሰባቱ በእኔ ልጆች ላይ የተቆጠሩ ስለሆኑ፣ ውርደታችንን በቀለም ስላደመቁልን ውለታዎ አለብኝ።

፪ኛ/ ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ሰከንድ ሲቀረው ባላጋራችን ከመስመራችን አንዲት ያርድ፣ ማለትም አንድ እርምጃ፣ ርቀት ላይ ደርሶ ነበር። አራት ነጥብ እንመራለን፤ ኳሷ ካለፈች ስድስት ነጥብ ስለሚያገኙ የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ዶንትሬል ኤሞስ የተባለው ተከላካዬ ጣቱ ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል። «ውጣ፣ ሌላ ላስገባ» ስለው «ኮች፣ የተሰበርኩት ጣቴን አይደል እንዴ? በደረቴ ነው የማቆመው» አለኝ። እውነትም በደረቱ አቆመው። ኳሷን የያዘው ሯጭ ባለበት ተደፋ፣ ሰዓቱ አለቀ፣ ኳሷም አላለፈችም። ለዚህ ርችት አለመተኮሱ ለአካባቢ አየር ከማሰብ የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም።

፫ኛ/ የዕለቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ለኳስ ወርዋሪያችን ተሰጠ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጥርሱም ያምራል። የኮሚቴዎ አስተናጋጅ ግን ተከላካዮቼን «መድረኩ ሞልቷል፣ እናንተ እታች ቁሙ» አለቻቸው። የዶንትሬል አባት በእንጨት መሰንጠቂያ የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ከአርካንሳ አሥር ሰዓት ነድተው መጥተው መድረክ መድረኩን እያዩ «ልጄ የታለ?» ይሉኛል። ልጁ ራሱ ከኋላቸው መጥቶ «አባዬ፣ እዚህ ነኝ፤ ለፎቶ እኮ ቁመቴ አይበቃም» ብሎ ሳቀ። አባትየው ግን አልሳቁም፤ የታሰረውን እጁን ያዙት።

፬ኛ/ ይህኛው አቤቱታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። የአጥቂዎቹ አሠልጣኝ ትሬይ ላንግፎርድ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሥራ ፈልጎ ሲመጣ «ይሄን ልጅ ቅጠሩት፣ አይቆጫችሁም» ያልኩት እኔው ነኝ። እርስዎ ትከሻውን አቅፈው በቴሌቪዥን ባሳዩት በማግስቱ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ወሰደው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አጥር ሳጥር ኖሬያለሁ፤ አጥር ደግሞ የሚታወሰው ሲፈርስ ነው። ቀናሁበት። ትሬይ ደወለልኝ፦ «ኮች፣ ና አብረን እንሂድ። ነጥብ ማስቆጠሩን እችላለሁ፣ የሚያቆምልኝ የለኝም።» በልቤ «ዛሬ ገና ታወሰህ?» አልኩና በአፌ «ሥራ አለብኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። እንኳን ደስ አለህ እንኳ አላልኩትም። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ከዘጋሁበት በኋላ ነው የገባኝ፤ ስለዚህ ትናንት መልሼ ደወልኩ። እምቢታዬን አልለወጥኩም፤ እንኳን ደስ አለህ ግን አልኩት። ቃሉን ማውጣቱ ያን ሯጭ ከማቆም ይከብድ ነበር።

ተከላካይ ብቻውን ቲኬት እንደማይሸጥ ባይጠፋኝም፣ ስድሳ ሁለት ነጥብ ያለዚያች አንዲት ያርድ የተሸናፊ ቁጥር ሆኖ ይቀር እንደነበር በትሕትና አስታውሳለሁ።

እታች ቁሙ ከተባሉት ጋር እታች የቆመው፣ ለክቡርነትዎ ከመድረኩ ሥር አንገቱን አቅንቶ እጅ የሚነሣ፣

ቨርኔል ታድሎክ

ማስታወሻ፦ የላኩልኝ የመታሰቢያ ሰሌዳ በሰላም ደርሶኛል፤ ከስሜ ሥር «የአጥቂዎች አሠልጣኝ» ተብሎ በወርቅ ተቀርጿል። መልሼ ልኬዋለሁ። ጀርባው ባዶ ስለሆነ የዶንትሬል ኤሞስን ስም ቢቀርጹበት ይበቃል። የስሙ አጻጻፍ ቢጠፋዎት አባቱን ይጠይቁ።