በወንዛዬ የበላነው ጥሬ ሥጋ

ደብረ ታቦር
ጥር ፳፮ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለመሠረት፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወንድምሽ ሞገስና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ በጤና አለን። ሀዋሳ እንደምትሞቅ እሰማለሁ። እዚህ ከጉና የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት የባልዲውን ውኃ በረዶ ያደርገዋል። ለመስከረም ያንቺን ወፍራም ሹራብ አውጥቼ ሰጥቻታለሁ። እጅጌው ቢረዝምባትም አታወልቀውም።

ስደውል ስለማታነሺ ነው የምጽፈው። ማክሰኞ ዕለት እናትሽ ከወንዛዬ ሲደውሉልሽ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «ሰው ሆኗል፤ ነይ ወደ ቤትሽ» አሉሽ። አንቺም ለኪዳነ ምሕረት እመጣለሁ አልሽ። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ይህን አንብቢ።

የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ፣ «አንድ ቀን ከሰው ጋር ቁጭ ብለህ፣ ምንም ሳትናገር ብላ። እናቴ ትመስክርልህ። ያን ጊዜ እመለሳለሁ። ካልሆነ ግን ትምህርት ሲዘጋ መስከረምን እወስዳታለሁ» አልሽኝ። አልፈርድብሽም። በጥቅምት፣ በአባትሽ ተዝካር ቀን፣ የታረደውን በሬ ሳንባ እንደ ቄራው ልማዴ ከፍቼ እንደ አይብ የሚፈረፈር መግል ሳገኝበት፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰማንያ ሰው ተቀምጦ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ነው። ተነሥቼ «ይህ ሥጋ አይበላም» አልሁ። በሬው ተቀበረ፤ ነጭ ጋዝም አፈሰስሁበት። ካህናቱ ሽሮ በልተው ሄዱ። አጎትሽ «የሟችን ማዕድ አረከሰ» አሉኝ፤ አንቺም ገበያ መውጣት አፈርሽ። ትክክል ነበርሁ። ቤት ውስጥም ሁልጊዜ ትክክል ነበርሁ፤ ወጡን በማንኪያ እያገላበጥሁ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን እያነሣሁ፣ ጉርሻ እንቢ እያልሁ። ያንን ለብቻሽ አሥራ አራት ዓመት ቻልሽው። ተዝካሩ ግን በሰው ፊት ሆነ።

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን እናትሽን ለጉልበታቸው፣ መስከረምን ለመዝናናት ብዬ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድኋቸው። ሁለት ቀን ስንቃችንን በላን። ማክሰኞ ስንቁ አለቀ። እናትሽ «ነገ ረቡዕ ነው፤ ዛሬ ሥጋ እንብላ» አሉ።

ሥጋ ቤቱ ከፍል ውኃው በታች ያለ ስም የሌለው የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ግማሽ በሬ ተሰቅሏል። የቄራ ማኅተም የለበትም። ከሥጋው አንድ ክንድ ርቆ፣ ለእከክ የሚታጠቡ ሰዎች እርጥብ ጨርቃቸውን በገመድ አስጥተዋል። ዝንቡ ከጨርቁ ወደ ሥጋው፣ ከሥጋው ወደ ጨርቁ ይመላለሳል። የእጅ መታጠቢያው ቢጫ ጀሪካን ነው፤ ሳሙናው ላይ የሰው ፀጉር ተጣብቋል። የጠረጴዛው ላስቲክ ክንድ ሲያርፍበት ይይዛል። ባለቤቱ ይሻው የሚባል ደንዳና ሰው ነው። ቢላውን በሽርጡ ይጠርጋል፤ በዚያው ሽርጥ ላቡን፣ ቀጥሎ አፍንጫውን ይጠርጋል።

ዝም አልሁ። እናትሽ ከሥጋው ይልቅ እኔን ነበር የሚያዩት።

ትሪው መጣ። አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ፣ አዋዜ፣ ሦስት ቢላ። በመስከረም በኩል ባለው ቁራጭ ላይ አየኋት፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ውኃ የቋጠረች ነጭ ከረጢት። ውስጧ የኮሶ ትል ይተኛል። ቄራ ውስጥ ሳገኛት በቢላ እሰነጥቃታለሁ፤ ሥጋው ከሞላበትም አስወግደዋለሁ። ከአጠገቡ ያለው ቁራጭ ላይ ሁለት ነበሩ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ተዉት» ማለት ብቻ።

«ምነው?» አሉ እናትሽ።

«ምንም» አልሁ።

ደስ አላቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይሻውን ጠሩት። «አንተ! ይህ የልጄ ባል የቄራ መርማሪ እኮ ነው። ደብረ ታቦር እሱ ሳያይ ሥጋ አይቀመስም። ዛሬ አንተ ቤት እየበላልህ ነው!»

የይሻው ፊት ጠቆረ። ቢላውን እንደያዘ መጣ።

«እንዴት ነው ታዲያ ሥጋው፣ ጌታዬ?»

ከጎናችን የተቀመጡ ሁለት ሹፌሮች ማኘካቸውን አቁመው ጠበቁኝ። እናትሽም ጠበቁ። አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ በበራችን ስትገቢ ታየኝ።

«ጥሩ ነው» አልሁ።

«ሰማችሁ? መንግሥት መሰከረልኝ!» አለ ይሻው።

ሹፌሮቹ ሳቁ። «እንግዲያው ከዚያው ከመንግሥት ሥጋ ግማሽ ኪሎ ጨምርልን» አለ አንደኛው።

መስከረም ያንን ቁራጭ አነሣች። ለሁለት ቆረጠችውና አንዱን በእንጀራ ጠቅልላ፣ አዋዜ ነክራ፣ «አባዬ፣ በሞቴ» ብላ ዘረጋችልኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን ከእጇ ጎርሼላት አላውቅም።  ከረጢቷ በየትኛው ግማሽ እንደቀረች አላየሁም። አፌን ከፈትሁ። እሷም የቀረውን ጎረሰች። እናትሽ እልል አሉ።

አኘክሁ። ሥጋው ለብ ያለ ነበር። ጥርሴ መካከል አንድ ትንሽ ነገር የፈረጠ መሰለኝ። ጅማት ሊሆን ይችላል። ዋጥሁት፤ እናትሽም ስልካቸውን አውጥተው ደወሉልሽ።

ስልኩ ሲዘጋ ከአጥሩ ጀርባ ሄድሁና ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከትቼ አስመለስሁ። የእኔን አወጣሁ። ተመልሼ ስገባ መስከረም ጣቷን እየላሰች ነበር።

ይሻውን «ሥጋህ ኮሶ አለበት፤ አውርደው» አልሁት።

«ቅድም ጥሩ ነው አላሉም? እርስዎ ከጠገቡ በኋላ ነው እንዴ የታመመው?»

«ቅድም ዋሽቼ ነው።»

«ኮሶ የሌለበት በሬ ደግሞ በየት አገር ነው ያለው!» ብሎ አዲስ ለገባ ሰው መቁረጡን ቀጠለ። ለሹፌሮቹም ተናገርሁ። «ጋሼ፣ ሂሳቡ ከበደዎት እንዴ? እኛ እንክፈልልዎ?» ብለው ሳቁብኝ። ሥጋቸውን ጨርሰው ሄዱ። በማግሥቱ ሄጄ፣ እኔ ያልሁትንም ሳልደብቅ፣ ለወረዳው አመለከትሁ። ጸሐፊው «ምስክር አለዎት?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልሁት። «ጥሩ ነው ያለውስ ማን ነበር?» አለኝ። እሱም እኔ ነኝ።

በመኪና ስንመለስ ለእናትሽ ነገርኋቸው። አልደነገጡም። «ዕድሜዬን ሙሉ ጥሬ በልቻለሁ፤ ኮሶ እየጠጣሁ ነው የኖርሁት። አንተ ብቻ ለመሠረት እንዳትነግራት። ልጄ ልትመጣልኝ ነው፤ አፍህን ያዝ» አሉኝ። ከዚያም «እንዴት አምሮብህ ነበር መሰለህ» አሉ። 

መስከረም ከኋላ ወንበር ሰምታለች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«አይተህ ነው ዝም ያልኸው?» አለችኝ።

«አዎ።»

ከዚያ ወዲህ ቁርስም ምሳም አብረን እንበላለን። ግን ከመጉረሷ በፊት ፊቴን ታያለች። ወጡን ሳይሆን ፊቴን። አንቺም እንዲሁ ታደርጊ እንደነበር አሁን ነው ያስታወስሁት። ያንቺ ግን ሌላ ነበር፤ አንቺ ምን ሊናገር ነው ብለሽ ነበር የምትሰጊው። እሷ የምትሰጋው ምን ሊደብቀኝ ነው ብላ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ መፍረድ አልከበደኝም።

ሃያ ዓመት ሙሉ መግል ነክቻለሁ፤ ትል ከጉበት ውስጥ በጣቴ አውጥቻለሁ። ያስጠላኝ ነበር፤ ቢሆንም ታጥቤው እገባ ነበር። እንደዚያች «ጥሩ ነው» የምትል ቃሌ ያስጠላኝ ነገር ግን የለም። አፌን ስንት ጊዜ ተጉመጥምጬ ተፋሁ።

ስለዚህ እናትሽ የነገሩሽን ሰው ፈልገሽ እንዳትመጪ። ለአንድ ምሳ ብቻ የነበረ ሰው ነው። ከመጣሽ የምታገኚው የተዝካሩን ሰው ነው። ነገ በዘመድሽ ሠርግ ላይ የታመመ ሥጋ ባይ እነሣለሁ፤ ታፍሪብኛለሽ። ወጡን ማገላበጥና ብርጭቆውን ማንሣት እተዋለሁ፤ ይህን እችላለሁ፤ በወንዛዬ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። የመስከረምንም ጉርሻ ከእንግዲህ እንቢ አልልም፤ የምታጎርሰኝ ከሆነ። ሌላውን ግን አልችልም። ቃል ብገባልሽ ዳግመኛ መዋሸት ይሆናል።

እናትሽ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አያውቁም። እንዳትቆጪያቸው፤ የሠሩት ሁሉ አንቺን ለማየት ነው። ጉልበታቸው በፍል ውኃው ትንሽ ተሽሏቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ያለ ምርኩዝ ደርሰው ይመለሳሉ።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ጤናሽን ይጠብቅልኝ። የሞገስንም ቤት በረከት አያሳጣው። የምትወስኚውን በደብዳቤም ሆነ በስልክ ንገሪኝ፤ ለእኔ መንገር ከከበደሽ ለመስከረም ንገሪያት።

ባለቤትሽ
አንዱአምላክ

ማስታወሻ፦ ትሉ ከገባ እስኪያድግ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ መስከረም በሚያዝያ መጨረሻ የሰገራ ምርመራ ያስፈልጋታል፤ ቢገኝባትም በአንድ ቀን መድኃኒት ይወጣል፤ አትደንግጪ። እዚህ ካለች እኔ አስመረምራታለሁ። አንቺ ዘንድ ከሆነች ቀኑ እንዳያልፋት፤ የመድኃኒቱን ስም ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ።