ሦስት ጠዋት የነገርኳችሁ ህልም

ኮልፌ፣ የካቲት 13 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ እቴቴ ደሜ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልሽ ጋሽ ጀላል ናቸው። ቅዳሜ የሰፏቸውን ልብሶች ይዘው ሆለታ ገበያ ሲወጡ አንቺ ያለሽበት ጸበል ድረስ በእግራቸው እንደሚመጡ ቃል ገብተውልኛል። ምን እንደጻፍኩ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ጽሑፌ ዛሬም የዶሮ ጭረት ነው ብትይ መብትሽ ነው። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢው። መሐል ላይ ልትጥዪው ትፈልጊ ይሆናል፤ ታገሺኝ።

ቤታችን ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደነበር ታስታውሻለሽ። ፊታችንን ሳንታጠብ እማዬ "ምን አያችሁ?" ትለን ነበር። ያንቺ መልስ ሁልጊዜ "ምንም" ነው፤ እንደ ድንጋይ ነበር የምትተኚው። የቤቱ ህልመኛ እኔ ነበርኩ። በስምንት ዓመቴ ጥርሴ ሲወልቅ አይቼ አባባ በሳምንቱ ከሞተ ወዲህ እማዬ እኔን ሳትጠይቅ በግ እንኳ አትገዛም ነበር። ያኛውን ህልም በእውነት አይቼዋለሁ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ግማሹን አያለሁ፣ ግማሹን እጨምራለሁ። ስናገር ሁላችሁም ዝም ብላችሁ ስታዳምጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን ላጽናና እችላለሁ። በሃያ ዓመቴ ግን ልጅ አልነበርኩም።

በሃያ ዓመቴ የሆነውን ነው ልነግርሽ የተቀመጥኩት።

ያን ጊዜ አንቺ ጋሽ ጀላል ሱቅ የነጠላ ጠርዝ ትሰፊ ነበር። አንድ ቀን መርፌው ጣትሽ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ አንቺ ሳታውቂው ነጩን ነጠላ በደም አበላሸሽው። ጋሽ ጀላል አልተቆጡም። ጣትሽን አገላብጠው አዩና ሚስታቸውን ጠሩ። እትዬ ዙቤዳ ክንድሽ ላይ ያለውን ነጣ ያለ ቦታ በጥጥ ነካ አድርጋ "ይሰማሻል?" አለችሽ። "ምኑ?" አልሻት። በማግስቱ ዘነበወርቅ ሐኪም ቤት የወሰደችሽ እሷ ናት፤ እህትሽ እኔ ግን አልወሰድኩሽም። ሐኪሙ ሥጋ ደዌ ነው፣ ገና ጅምር ነው፣ ይህን ነጭ ኪኒን ሳታቋርጪ ከዋጥሽ እጅሽ ምንም አይሆንም አለሽ። በየሐሙሱ እየሄድሽ መውሰድ ጀመርሽ። ደስ ብሎሽ ነበር። "ኪኒን ነው እንጂ ሌላ ምን አለው" ትይ ነበር።

እኔ ግን ደስ አላለኝም። በዚያው ሰሞን ነገሬ እኔን ለማግባት የላካቸው ሽማግሌዎች እኛ ቤት መመላለስ ጀምረው ነበር። ዘር እንዴት እንደሚጣራ ታውቂያለሽ። አጎቱ አቶ ወዬሳ እስከ ሰባት ቤት እየቆጠረ፣ በእማዬም በአባባም ወገን ቁምጥና መኖር አለመኖሩን ጎረቤቱን አንድ በአንድ ይጠይቅ ነበር። አንቺ ደግሞ በየሐሙሱ በጠራራ ፀሐይ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ትሰለፊያለሽ። አውቶቡሱ የሚያልፈው በዚያ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በመስኮት ያይሻል። ነገሬን እወደው ነበር፣ እቴቴ። እሱን ላጣው ነው ብዬ ሌት ተቀን አስብ ነበር። አንቺን ላጣ እንደምችል ግን አላሰብኩም።

እማዬ ሦስት ጊዜ የታየ ህልም ከእግዚአብሔር ነው እንደምትል አውቃለሁ። ስለዚህ ሦስት ጠዋት ተናገርኩ። ነጭ የለበሱ ሽማግሌ መጡ፤ "ለእህትሽ ንገሪያት፣ ኪኒኑን ትጣል፣ ከከተማ ወጥታ በጸበሌ ትጠመቅ፤ ሁለት ሐኪም አይሆንላትም" አሉኝ አልኩ። በመጀመሪያው ቀን እማዬ "ለመልካም ያድርገው" አለች። በሁለተኛው ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን አንቺ ራስሽ ጠጋ ብለሽ "መልካቸው ምን ይመስላል?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዓይንሽ ውስጥ ጥርጣሬ ያየሁ መሰለኝ። "ሲራመዱ እንደ አባባ በግራ እግራቸው ትንሽ ያነክሳሉ" አልኩሽ። ፊትሽ በራ። ኪኒኑን ይዘሽ ወጣሽና ጉድጓድ ውስጥ ጨመርሽው።

እቴቴ፣ ያንን ህልም አላየሁትም። አንዱንም ጠዋት አላየሁትም። ሽማግሌውም፣ ነጩ ልብስም፣ የአባባ እግርም ከእኔ ነው።

እትዬ ዙቤዳ ስትሰማ ቤታችን ድረስ መጥታ እማዬን ለመነቻት። "የእናንተን ሃይማኖት አልነካም፤ ትጠመቅ፣ ግን ኪኒኑንም ትዋጥ" አለቻት። እኔ ነበርኩ "የእግዚአብሔርን ቃል ልታስጥዪን ነው?" ብዬ ያሳፈርኳት። ተነስታ ወጣች። በሳምንቱ አንቺ ስንቅሽን ይዘሽ ሄድሽ፤ እኔ በጥር ተዳርኩ። የነገሬ ዘመዶች "እህትሽ የት አለች?" ሲሉኝ ልትመንን ገዳም ገባች አልኳቸው። ሰዎቹ እንዴት ያለ የተባረከ ቤት ነው አሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለሺ ልጄ ዱሬቲ የሦስት ወር ልጅ ነበረች። እጅሽን ከነጠላሽ ስር አላወጣሽም። "እቀፊያት" ብልሽ "አሁን እጄ ቀዝቃዛ ነው" አልሽኝ። ልትሄጂ ስትነሺ ነጠላሽ ተንሸራተተና ጣቶችሽን አየኋቸው። ታጥፈው ቀርተዋል። አንቺም እንዳየሁ አውቀሽ "እምነቴ አንሶ ነው፣ አልማዜ። አንቺን እግዚአብሔር አናገረሽ፣ እኔ ግን በሙሉ ልቤ አልተቀበልኩትም መሰለኝ። ጸልዪልኝ" አልሽኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ነገሬ ጓዳ ነበረ፤ እንዳይሰማ ፈራሁ። "እሺ፣ እጸልያለሁ" ብዬ ሸኘሁሽ። እማዬም ባረፈችበት ቀን ጠዋት "ደሜን ምን ሆና አየሻት?" ብላኝ "ድና" አልኳት። ያንን ይዛ ሄደች።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሚ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ልብስ ስተኩስ የቆዳ መቃጠል ሸተተኝ። ካውያው ክንዴ ላይ ነበር። አላመመኝም። ቁስሉ ዙሪያ ነጣ ያለ ነገር አየሁ። ህልም አልጠበቅኩም፤ ጸበልም አልሮጥኩም። በሚቀጥለው ሐሙስ ተከናንቤ ዘነበወርቅ ሄድኩና አንቺ በተሰለፍሽበት በር ተሰለፍኩ። ያንኑ ነጭ ኪኒን ሰጡኝ። ያቺን ያስጣልኩሽን ኪኒን አንድ ቀን ሳላዛንፍ ሁለት ዓመት ዋጥኳት። ጣቶቼ ቀጥ ብለው ይኸው ይጽፋሉ። በነዚህ ጣቶች ነው የምጽፍልሽ፤ አፈርኩባቸው።

ባለፈው ወር ነገሬ የሸሚዙን ቁልፍ ሊተክል ክር ሲፈልግ ኪኒኑን መርፌ ጣሳዬ ውስጥ አገኘው። ምን እንደሆነ ነገርኩት፤ አንቺም ድሮ ጀምረሽው እንደጣልሽው ጭምር። ቁጭ አልኩ፤ ልብስሽን ሰብስቢ ሊለኝ ነው ብዬ። ኪኒኑን ወደ ጣሳው መለሰው።

"ቀኑ ሐሙስ አይደል?" አለኝ።

"ነው።"

"በይ ተነሺ፣ እንዳታረፍጂ።" ከዚያ በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ። "ደሜንስ ማነው ኪኒን ያስጣላት?"

"ህልም" አልኩት።

"ማን ያየው?"

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። እሱም ገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት እየበላን እንኳ ፊቴን አያየኝም። ደዌዬን ችሎት ውሸቴን አልቻለውም። በዚህ ደዌ ምክንያት ሊፈታኝ ይችላል ብዬ ስምንት ዓመት የፈራሁት ሰው "እንዳታረፍጂ" ነው ያለኝ። ያ ሁሉ ያደረግኩብሽ ለዚህ ነበር።

ለንስሐ አባታችን ሄጄ ተናዘዝኩ። ጸበሉ ኪኒን ጣሉ ብሎ አያውቅም አሉኝ። ዮሴፍን ወንድሞቹ ስለ ህልሙ ጉድጓድ ጣሉት፤ አንቺ ደግሞ ህልም ፈጥረሽ እህትሽን ጣልሽ አሉኝ። ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። "መጀመሪያ ለእሷ ንገሪያት፣ ከዚያ ተመለሺ" ብለው መስቀላቸውን ሳያሳልሙኝ ገቡ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እዘኝልኝ ብዬ አይደለም። ከዚያ ከሦስተኛው ጠዋት ወዲህ ህልም አይቼ አላውቅም። እግዚአብሔር በህልም ይናገራል፣ አምናለሁ፣ አንድ ጊዜ ነግሮኛልና። ስሙን ለውሸቴ ከተጠቀምኩበት በኋላ ግን ለእኔ የሚለው ነገር የለውም። ጠዋት ዱሬቲን ምን አየሽ ብዬ አልጠይቃትም። ክንዷን በጥጥ ነካ አደርግና "ይሰማሻል?" እላታለሁ። እስካሁን ይሰማታል። በየቀኑ እፈራለሁ።

እቴቴ፣ እምነትሽ አላነሰም። ቤታችን ውስጥ ሙሉ እምነት የነበረሽ አንቺ ነሽ፤ ለዚህ ነው የጎዳሁሽ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ገና ነው። ሐኪሙን ስላንቺ ጠይቄዋለሁ። የታጠፉት ጣቶች አይዘረጉም አለኝ፤ አሁንም ልዋሽሽ አልፈልግም። ግን በሽታው እዚያው ይቆማል፣ ዓይንሽም ይተርፋል አለ። ጸበልሽን አትተዪ፤ ኪኒኑንም ነይና ውሰጂ።

የካቲት ሃያ ሁለት ሐሙስ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ዘነበወርቅ ፌርማታ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ነጠላዬን አልከናነብም። ካልመጣሽ በሚቀጥለው ሐሙስ እቆማለሁ፤ ከዚያም በሚቀጥለው። ስትመጪ ብትሰድቢኝ፣ ፊቴ ላይ ብትተፊ ቆሜ እቀበላለሁ፤ ከዚያ አብረን እንሰለፋለን፣ አንቺ ከፊት።

ነጭ የለበሰ ሽማግሌ አልላከኝም። ይህን በህልሜ አላየሁትም። እኔ ነኝ የምልሽ፤ ነይ።

ህልም የሌላት እህትሽ፣
አልማዜ